ስለ ወጣት መዘምራን ትምህርትና እንጀራ

በደብሩ የ50ኛ ዓመት በዓል በአዳራሹ የተነገረ ዲስኩር



በዓል በሚከበርበት ቀን ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ዓይን የሚያየውንና ጆሮ የሚሰማውን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታነጽ ድንጋይ የተሸከመው ይመሰገናል፤ ጉልላቱን ያሠራው ይመሰገናል፤ ነጭ ለብሰው ከበሮ እየመቱ በሰልፍ የወጡት ወጣቶችም ይመሰገናሉ። ምስጋናውም የተገባ ነው። ዳሩ ግን ምስጋናው ካለቀና አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ያ የዘመረው ልጅ ወዴት ይሄዳል? እራቱን በልቷልን? ነገ ፈተና አለበትን? ሌሊቱን ሲያገለግል አድሮ ጧት በ2 ሰዓት ከሥራው ደጅ ሲደርስ አሠሪው ምን ይለዋል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬውም ነገር ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ የዜማን አመጣጥ ማስታወስ ይገባል። የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ ሊቅ ነው። ታሪኩ እንደሚነግረው፤ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ቢል አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ቀጣው፤ እርሱም ሸሽቶ ሄደ። ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ወደ ዛፉ ሲወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲደርስ አየ፤ ከዚህም በኋላ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህ ታሪክ ለልጆች የሚነገረው ትጋትን ለማስተማር ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሌላም ትምህርት አለበት። ያሬድ የተመለሰው የሚመለስበት ደጅ ስለ ነበረው ነው። ጌዴዎን፤ ‹‹አንተ ኰብላይ፤ ስምህ ከመዝገብ ተፍቋል›› ብሎ ደጁን ቢዘጋበት ኖሮ ድጓውና ጾመ ድጓው፤ ዝማሬውና መዋሥዕቱ፤ ምዕራፉም ከወዴት ይገኝ ነበር? ግዕዝ፤ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችስ ከማን አፍ ይሰሙ ነበር? እንግዲህ የትሉ ትጋት ለተማሪው ምሳሌ እንደ ሆነ ሁሉ፤ የጌዴዎን ደጅ አለመዘጋት ደግሞ ለአስተማሪውና ለሰበካው ምሳሌ ነው።

ከያሬድ በኋላም ዜማ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በተማሪ ድካምና በገበሬ እንጀራ ነው። ልጁ ከእናት ከአባቱ ቤት ወጥቶ፤ ለምድ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ፤ ድጓ ለመማር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፤ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፤ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በአታ ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አለ። ቀን ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ውሻም ያባርረዋል። ሌሊት ደግሞ ከጎጆው ወጥቶ በጨለማ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን በቃሉ ያጠናል። ብራና እየፋቀ፤ መጽሐፍ እየጻፈ፤ ልብስ እየሰፋ ራሱን የሚረዳም ነበረ። ስለዚህ መዝሙርን ከትምህርትና ከሥራ ጋር ማስማማት የዛሬዎቹን ልጆች ብቻ ያገኘ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአባቶች የተወረሰ ችግር ነው።

ዳሩ ግን በቀድሞው ተማሪና በዛሬው መዘምር መካከል ሁለት ልዩነት አለ።

አንደኛው ልዩነት ይህ ነው። ለቀድሞው ተማሪ ዜማው ራሱ ትምህርቱ ነበር፤ ትምህርቱም ኋላ እንጀራው ይሆን ነበር። ድጓውን ያስመሰከረ ሰው መሪጌታ ተብሎ ከአንድ ደብር ይገባል፤ በዚያው ሙያ ልጆቹን ያሳድጋል። ለዛሬው የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ግን መዝሙሩ ሌላ፤ ትምህርቱ ሌላ፤ እንጀራውም ሌላ ነው። ከመዝሙሩ ደመወዝ አይቆረጥለትም። ቀን ሒሳብና ፊዚክስ ይማራል፤ ወይም በታክሲ ረዳትነት፤ በሱቅ፤ በግንበኛ ቤት ይውላል፤ መዝሙሩንም ከእነዚህ በተረፈው ሰዓት ያመጣዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ የሚከብድ ነው። ለቀድሞው ተማሪ መንደሩ ሁሉ አብሳዩ ነበር። ሴትዮዋ ከሌማቷ ቁራሽ ቆርሳ ስትሰጠው፤ ማንበብ የማታውቅ ብትሆንም በድጓው ትምህርት ውስጥ የእርስዋ ድርሻ ነበረበት። ያን የሚያህል መጽሐፍ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው የብዙ እናቶች ቁራሽ ስለ ደገፈው ነው። ዛሬ ግን ሰበካው መዝሙሩን ይሰማል፤ ያመሰግናል፤ ስለ መዘምሩ እራት ግን አይጠየቅም። ልጁም አኩፋዳ ስላልያዘ የተራበ አይመስልም።

ደግሞም የቤተ ክርስቲያን ዓመትና የተማሪ ቤት ዓመት የሚጋጩበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ዘመነ ጽጌ ነው፤ የእሑድ ሌሊቱ ማኅሌት ረዥም ነው። ከዚያ ኅዳር ጽዮን፤ ከዚያ ታኅሣሥ ገብርኤል፤ ከዚያ ልደት፤ ከዚያም ጥር 10 ቀን ከተራ፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ይከተላል። የመንፈቅ ዓመቱ የተማሪ ቤት ፈተና የሚደርሰውም በዚሁ በጥር ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ልጁ ብዙ መዝሙር በሚያጠናበት ወር ብዙ ትምህርትም ማጥናት አለበት። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ሌሊት ነው። ሌሊቱም ሁለት ጊዜ አይነጋም።

የፈተናውም በር የጠበበ መሆኑን ወላጅ ሁሉ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የመጣው በመዝሙር ምክንያት ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ መዘምር ያልሆነውም እንዲሁ ወድቋልና። ነገር ግን በሩ እንዲህ የጠበበ ከሆነ፤ ልጅን ከበሩ ፊት በእንቅልፍ እጦት አድክሞ ማቆም ኃላፊነት አለበት።

ስለዚህ ነገር በዚሁ ደብር የሆነውን መናገር ይገባል። የበዓል ቀን የምስጋና ብቻ ሳይሆን የምርመራም ቀን ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድምፅዋ የተወደደ፤ መዝሙር የምትመራ አንዲት ልጅ ነበረች። ቀን በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ ማታ የ12ኛ ክፍል ትምህርቷን ትማራለች፤ በሰንበት ታገለግላለች። እናትዋም በእርስዋ ደመወዝ ትረዳ ነበር። ጥር ወር ገባ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ተረት በስፌት ቤት ተረት አይደለም፤ የሥራ ትእዛዝ ነው። ሰው ሁሉ ልብሱን ለዚያች ቀን ይፈልጋል። ልጅቱም እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከመኪናው ሥር አልተነሣችም። በዚያው ሳምንታት መዘምራኑ በሳምንት ሦስት ማታ ልምምድ ነበራቸው፤ የመንፈቁም ፈተና ቀርቦ ነበር። ልጅቱ ሦስት ልምምድ ቀረች። የማኅበሩም ደንብ ሦስት ጊዜ ያለ ፈቃድ የቀረ ስሙ ይሰረዝ ይል ነበርና፤ ስምዋ ተሰረዘ። ከእርስዋም ጋራ የሁለት ወንዶች ልጆች ስም ተሰረዘ።

በከተራው ዕለት ታቦቱ ሲወጣ መዘምራኑ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፤ ጥለቱ እያብረቀረቀ፤ በሰልፍ አለፉ። ልጅቱ ከመንገዱ ዳር ከሕዝቡ መካከል ቆማ ታያቸው ነበር። ያን ጥለት የሰፋችው እርስዋ ነበረች። የማኅበሩ ቀሚስ የታዘዘው ከምትሠራበት ቤት ነበርና፤ ልምምዱን የቀረችው የመዘምራኑን ልብስ ለማድረስ ስታመሽ ነው። ይህን ከማኅበሩ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እርስዋም አፍራ አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አልታየችም። ነገሩ የተገለጠው እናትዋ ከደብሩ ሽማግሌ መሪጌታ ዘንድ ሄዳ፤ ‹‹አባቴ፤ ልጄ ምን በድላ ነው?›› ብላ በጠየቀች ጊዜ ነው። መሪጌታው መዝገቡን አስመጥተው አዩ። ከስምዋ አጠገብ ‹‹ጠፍታለች›› የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። መሪጌታውም፤ ‹‹ይች ልጅ ሰሞኗ አልነበረም እንጂ አልጠፋችም›› አሉ። በማግሥቱ በትራቸውን ይዘው ወደ ቤትዋ ሄዱ፤ ሄደውም ይቅርታ ጠየቋት። እነሆ ዛሬ በሕፃናቱ ክፍል መዝሙር የምታስጠናው እርስዋ ናት። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም። የደብሩ 50ኛ ዓመት ሲከበር ወንበራቸው ባዶ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

መሪጌታው የተናገሩት ቃል ትንሽ ቢመስልም በውስጡ መድኃኒት አለው። ሰሞን ማለት ምንድን ነው? ካህናት የሚቀድሱት በተራ ነው። ሰሞነኛው ሳምንቱን ከቤተ ክርስቲያን ሲውል ሰሞነኛ ያልሆነው ቄስ ወደ እርሻው ይሄዳል፤ በሬውን ይጠምዳል፤ ልጁን ይድራል። ሰሞኑ ስላልሆነ ሰነፍ ነው የሚለው የለም፤ ስሙንም የሚፍቅ የለም። ይህ ሥርዓት ካህኑ ገበሬም አባወራም መሆኑን አውቀው አባቶች ያቆሙት ነው። እንግዲህ ይህ ለካህኑ ከተገባ፤ ገና አጥንቱ ላልጠና፤ ትምህርቱን ላልጨረሰ ልጅ እንዴት አይገባም?

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ እንዳይመስል ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ ይጨመር። በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ማኅበር በአውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1212 ጀምሮ የኖረ ነው፤ ልጆቹም በአንድ ተማሪ ቤት ትምህርትና መዝሙር አብረው ይማራሉ። ስሙ የተጠራው የሙዚቃ ሊቅ ዮሐን ሴባስትያን ባኽ ከ1723 እስከ 1750 የእነርሱ አስተማሪ ነበር። በ1730 ለከተማው ሹማምንት ባቀረበው ጽሑፍ ከ54ቱ ተማሪዎች ለመዝሙር የሚበቁት 17፤ ገና ያልደረሱት 20፤ የማይሆኑት 17 መሆናቸውን ቈጥሮ አስታወቀ። ዳግመኛም የዕለት እንጀራውን የሚያስብ ሙዚቀኛ ሙያውን ፍጹም ለማድረግ እንደማይችል ገለጠ። እንዲህ ያለው ሊቅ እንኳ ያለ ድጋፍ መልካም ማኅበር ማቆም ካልቻለ፤ ሌላው በባዶ እጁ ይችላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነገሩ ለአራት ወገን ይከፈላል።

የመጀመሪያው ወገን የማኅበሩ መሪዎች ናቸው። መዘምራኑ በሁለት ሰሞን ቢከፈሉና በየሳምንቱ እየተራረቁ ቢያገለግሉ፤ ልጁ ከሁለት እሑድ አንዱን ለዕረፍትና ለጥናት ያገኛል። በታላላቅ በዓላት ብቻ ሁለቱም ይሰበሰባሉ። ለጥምቀት የሚሆነው መዝሙር በጥር ከሚጀመር ይልቅ በክረምት፤ ተማሪ ቤት በተዘጋ ጊዜ ቢጠና፤ በጥር የሚቀረው ማስታወስ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያንም ዓመት ራሱ ጸጥታ አለው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዐርፈው ካህናቱ በመቋሚያ ይዘምማሉ፤ ያን ጊዜ የመዘምራኑም ልምምድ ጥቂት ቢሆን ከሥርዓቱ ጋራ ይስማማል እንጂ አይቃረንም። ደግሞ የመቅረት መዝገብ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ አንዱ ‹‹ቀረ››፤ ሁለተኛው ‹‹ለምን ቀረ›› የሚል። ሁለተኛው ዓምድ ሳይሞላ የማንም ስም አይሰረዝ። የሚሞላውም በመገመት አይደለም፤ ከልጁ ቤት ድረስ ሄዶ በመጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ወገን ራሳቸው መዘምራኑ ናቸው። ልጆች ሆይ፤ ለእናንተም የሚነገር አለ። ልምምድ በ11 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ በ12 ሰዓት ተኩል ከተጀመረ፤ ያ የጠፋው ሰዓት ተኩል የሌላው ልጅ የጥናት ሰዓት ነበር። በ40 መዘምራን ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሲጠፋ 60 ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። በስልክ ጨዋታና በወሬ ያመሸ ሰው፤ ኋላ ፈተና ሲወድቅ አገልግሎቴ ነው የጣለኝ ቢል በቤተ ክርስቲያን ላይ በሐሰት ይመሰክራል። ሰነፍ ተማሪ ከበሮውን መሸሸጊያ አያድርገው፤ ሰነፍ መዘምርም መጽሐፉን መሸሸጊያ አያድርገው። የቆሎ ተማሪው ዜማውን በመንገድ ሲሄድ፤ እንጨት ሲለቅም፤ በልቡ ያመላልስ ነበር። የዛሬውም ልጅ በአውቶቡስ ሲሳፈር፤ ሥራ ሲሄድ፤ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። እንቅልፉንም አይናቅ፤ ያልተኛ ሰው ድምፁ ይሻክራል፤ ያጠናውም ከልቡ አይቀመጥም። ችግር ሲደርስበትም ተሰውሮ አይቅር፤ ለመሪው ይንገር። ዝም ብሎ የቀረ ልጅና ዝም ብሎ የሰረዘ መሪ ሁለቱም በዝምታቸው ይጐዳሉ።

ሦስተኛው ወገን ወላጆች ናቸው። አንዳንዱ አባት ልጁ አንድ ፈተና ሲወድቅ ያለ ምርመራ ከመዝሙር ያስወጣዋል። ዳሩ ግን ከመዝሙር የወጣው ልጅ ያን ማታ መጽሐፍ ሲያነብ ነውን ወይስ ከመንደር ጥግ ቆሞ ሲያመሽ? ይህን ሳያዩ መቁረጥ መልካም አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ ልጁ ሲዘምር ደስ ብሎት ደብተሩን የማያይ አባት አለ፤ ይህም አይገባም። ወላጅና የማኅበሩ መሪ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ተገናኝተው ስለ ልጁ ቢነጋገሩ፤ ልጁ በሁለቱ መካከል አይንገላታም።

አራተኛው ወገን ሰበካው ሁሉ ነው፤ ዋናውም ነገር በእርሱ ላይ ነው። ይህ አዳራሽ በሳምንት ስንት ቀን ተዘግቶ ያድራል? መብራቱ ቢበራ፤ ወንበሩ ቢደረደር፤ ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት ለመዘምራኑ የማጥኛ ቦታ ይሆናል። በሰበካው ውስጥ መምህራን አሉ፤ መሐንዲሶች አሉ፤ የሒሳብ አዋቂዎች አሉ። ከዚህ ማኅበር ዘምረው አድገው ዛሬ ደመወዝተኛ የሆኑም አሉ። እነዚህ በሳምንት አንድ ማታ ቢሰጡ፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን የሚያስጠናበት የአባቶች ሥርዓት ይመለሳል። ሱቅና ስፌት ቤት፤ ጋራዥና ዳቦ ቤት ያላቸው ምእመናንም አሉ። እነዚህ ከሚሠሩላቸው ልጆች መዘምር የሆነውን ጠይቀው፤ በፈተናና በበዓል ሳምንት ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ቢለቁት፤ ያች ሴትዮ ከሌማቷ ቆርሳ እንደ ሰጠችው ቁራሽ ይቈጠርላቸዋል። ቅዳሴ ካለቀ በኋላም ሌሊቱን ሲያገለግሉ ላደሩት ልጆች ትኩስ ሻይና ዳቦ የሚያቀርብ ማኅበር ቢኖር ወጪው ጥቂት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው፤ ‹‹አገልግሎት በሰዓትና በተራ ከተመጠነ ፍቅሩ አይቀዘቅዝምን?›› ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት ነዶ በሁለተኛው ዓመት የጠፋ መዘምርና፤ በሰሞኑ እየመጣ እስከ ሽምግልና የዘመረ መዘምር ቢመዛዘኑ ለቤተ ክርስቲያን የሚበጀው የትኛው ነው? ጧፍ ከሁለቱም ጫፍ ቢለኰስ ብርሃኑ ይበዛል፤ ሳይነጋ ግን ያልቃል። ማኅሌቱም እስኪነጋ የሚቆም ነው።

ደብሩ 50 ዓመት ሞላው። በዚህ ዘመን ውስጥ ከዘመሩት ልጆች ሐኪም የሆነ አለ፤ ቄስ የሆነ አለ፤ ወደ ውጭ አገር የሄደ አለ፤ ስሙ ከመዝገብ ተፍቆ የት እንዳለ የማይታወቅም አለ። ሐውልትና ጉልላት ለበዓል መታሰቢያ ይሆናሉ፤ ዳሩ ግን ለዚህ በዓል ከሁሉ የሚሻል መታሰቢያ አንድ አለ። እርሱም ያን የጥር ወር መዝገብ ከሳጥን አውጥቶ፤ ‹‹ጠፍተዋል›› የተባሉትን የሁለቱን ልጆች ስም አንብቦ፤ መሪጌታው እንዳደረጉት በትር ይዞ ወደየቤታቸው መሄድ ነው። ቢመጡ ደስታ ነው፤ ባይመጡም ደጁ እንዳልተዘጋባቸው ያውቃሉ።

እግዚአብሔር አምላክ የወጣቶቹን ድምፅ፤ ትምህርታቸውንና የእጃቸውን ሥራ ይባርክ፤ ሰበካውንም ለልጆቹ የሚያስብ ያድርግልን። አሜን።